ሰዓትን ከፀሐይ መውጣት የቆጠረው የፉስጣጥ ሰው

ውድ እህቴ፣ ዛሬ ክንድሽ ሲንቀሳቀስ ራሱን የሚሞላ ስስ የእጅ ሰዓት አለ። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ግን የቀኑ ሰዓት የሚታወቀው በፀሐይ ነበር። ያን ሥራ ካሳመሩት አንዱ የኦልድ ካይሮ ሰው ነው። ሰፈሩ ያኔ ፉስጣጥ ይባል ነበር፤ ሰውየውም ኢብን ዩኑስ።

ኢብን ዩኑስ እ.ኤ.አ. በ950 አካባቢ ተወለደ። አባቱ የታወቀ የታሪክ ጸሐፊ ነበር፤ በ958 ልጁን በለጋነቱ ጥሎ ሞተ። በ969 ፋጢሚዶች ግብፅን ይዘው ከፉስጣጥ በስተሰሜን ካይሮን ቆረቆሩ። ኢብን ዩኑስም ለከሊፋው ለአል-አዚዝ፣ ቀጥሎም ለልጁ ለአል-ሐኪም ሠራ። ከ977 እስከ 1003 ፀሐይን፣ ጨረቃንና ከዋክብትን እየተመለከተ ያየውን ሁሉ ከነቀኑ መዘገበ። ለአለባበሱ ግድ ስላልነበረው ሰዎች ይስቁበት ነበር ይባላል።

የፀሐይን ከፍታ ለክቶ ከወጣች ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ የሚነግር ሠንጠረዥ አዘጋጀ። ይህ ለአንቺ እንግዳ አይደለም፤ እኛም ጠዋት አንድ ሰዓት የምንለው ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ያህል ሲሆናት ነው። ሌሎች ሊቃውንት እየጨመሩበት፣ ካይሮ በእነዚህ ሠንጠረዦች የሶላት ጊዜን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ስትለይ ኖራለች።

የግድግዳ ሰዓትን ተወዛዋዥ ዘንግ የፈለሰፈው እሱ ነው ሲባል ትሰሚ ይሆናል። እውነት አይደለም፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የተጀመረ ስህተት ነው። ያለዚያም ስሙ አያንስም።

በ1009 ሞተ። ታሪኩን የጻፉ እንደሚሉት፣ ጤነኛ ሳለ በሰባት ቀን ውስጥ እንደሚሞት ተናግሮ፣ ቤቱን ዘግቶ ቁርዓን ሲቀራ በዚያው ቀን አረፈ። ልጁ ደግሞ የአባቱን መጻሕፍት በሳሙና ነጋዴዎች ገበያ በሚዛን ሸጣቸው። የዕድሜ ልክ ድካም እንደ ተራ ወረቀት ተመዘነ።

ደግነቱ ለአል-ሐኪም የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ በግልባጭ በከፊል ተረፈ። በ1804 አንዱ ክፍል በፈረንሳይኛ ታተመ። በዚያው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊው ሳይመን ኒውኮም የጨረቃን እንቅስቃሴ ሲያሰላ በኢብን ዩኑስ የግርዶሽ መዝገብ ተጠቀመ። ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ያገለገለው፣ ቀኑና ሰዓቱ በጊዜው ስለተጻፈ ነው።

እህቴ፣ አንቺም ሥራ የጀመርሽበትን ሰዓት፣ የጨረስሽበትንና ደመወዝ የተቀበልሽበትን ቀን በደብተር ያዢ። ክርክር ሲነሳ፣ ያልተጻፈ የድካም ሰዓት ለመቁጠር ያስቸግራል።