አበበ ቢቂላ ዊልቸር ላይ ሆኖ ቀስት ያነሣ ጊዜ

ከተከታታዮቻችን መካከል ወጣቶቹ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁናል። በስልክ የሚያዩት የሽጉጥ ውድድር ነገር ነው። ተወዳዳሪው የማስጀመሪያ ድምፅ ሲሰማ ከወገቡ ሽጉጥ ይመዛል፣ ከአንዱ ዒላማ ወደ ሌላው እየተሯሯጠ ይተኩሳል፣ ሰዓት ይያዝበታል። ይሄ ስፖርት እንዴት ይጀመራል? ሶዶ ቁጭ ብሎስ ይቻላል ወይ?

አጭሩን መልስ እናስቀድም። የዚህ ውድድር ዓለም አቀፍ ማኅበር የተመሠረተው በፈረንጆቹ 1976 በአሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ ከተማ ነው። ያገኘኸው ነጥብ ለፈጀብህ ጊዜ ይካፈላል፤ ስለዚህ ፈጥነህ ብትስት አይጠቅምህም፣ ሳትስት ብትንቀራፈፍም አይጠቅምህም። ጀማሪ ደግሞ መጀመሪያ የሚማረው መተኮስን አይደለም። አፈሙዙ ሁልጊዜ ወዴት እንደሚያይ ማወቅን፣ ዒላማው ላይ እስኪያነጣጥር ድረስ ጣቱን ከቃታው ማራቅን ነው። ውድድር ላይ ሽጉጡ ከእጁ ከወደቀ በቃ፣ ይሰናበታል። እኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ከሰው ተውሶ ዳሞታ ተራራ ላይ ወጥቶ መሞከር ስፖርት ሳይሆን ወንጀል ነው፤ ይቺን በደንብ ያዙልን።

ነገር ግን የዒላማ ስፖርት ሽጉጥ ብቻ አይደለም። ሁላችንም ስሙን የምናውቀው አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር 37 ዓመት ከሞላው በኋላ፣ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት፣ በዒላማ ስፖርት ጀማሪ ሆኖ ውድድር ገብቷል። ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። ስለ ሩጫው ያልተጻፈ የለም፤ ስለ ቀስቱ ግን ብዙም አይወራም። ዛሬ እሱን እንጻፍ ብለናል።

ሩጫውን ቶሎ እንለፈው። አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው ጃቶ በሚባል መንደር ተወለደ። አዲስ አበባ ገብቶ ክቡር ዘበኛ ተቀጠረ፤ ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያገኘውም እዚያው ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ቀኑን ልብ ብላችኋል? የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሳምንታት እንጂ ወራት ሳይቆጠሩ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ደገመው። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም ሜክሲኮ ላይ ግን ጉዳት ስለነበረበት 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁን የወሰደው ማሞ ወልዴ ነው።

ከሜክሲኮ በኋላ አምስት ወር ብቻ ነው የቆየው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ማታ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ሸኖ አካባቢ የሚነዳት ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠች። ሌሊቱን ሙሉ ከውስጧ መውጣት አልቻለም። ሰው ደርሶ ያወጣው በማግሥቱ ጠዋት ነው። መጀመሪያ ክቡር ዘበኛ ሆስፒታል ተወሰደ፤ በሳምንቱ ደግሞ በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንደቪል ወደሚባል ሆስፒታል ተላከ። አንገቱ ላይ ነበር የተጎዳው። እዚያ ሲደርስ እግሩ ይቅርና እጁም አይንቀሳቀስም፤ ራሱን እንኳ ወደ ጎን ማዞር አይችልም። ዕድሜው 36 ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ ሆስፒታሉ ማውራት አለብን፤ አለበለዚያ ቀስቱ ከየት እንደመጣ አይገባም። የስቶክ ማንደቪልን የኅብለ ሰረሰር ክፍል የከፈተው ሉድቪግ ጉትማን የተባለ ዶክተር ነው። አይሁዳዊ ነው፤ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ በፈረንጆቹ 1939 እንግሊዝ የገባ፣ በ1944 ክፍሉ ሲከፈት ኃላፊነቱን የተረከበ። በዚያ ዘመን ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው እንደሚሞት ተደርጎ ነበር የሚታየው። የሚገድለው ራሱ ጉዳቱ ሳይሆን ከመተኛት ብዛት የሚመጣው ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነው። ጉትማን በሽተኞቹን ሌት ተቀን በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አደረገ። ቀጥሎ ያደረገው ነገር ደግሞ ለብዙዎቹ ባልደረቦቹ እንግዳ ነበር፤ ስፖርትን የሕክምናው አካል አደረገው።

ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት በዚያው ዕለት፣ ጉትማን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የራሱን ውድድር ከፈተ። ተወዳዳሪዎቹ 16 ብቻ ናቸው፤ 14 ወንድ፣ 2 ሴት፣ ሁሉም ዊልቸር ላይ። የውድድሩ ዓይነት ቀስት ነበር። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ነገር ሥሩ ይኸው ነው፤ የተጀመረው በዒላማ ነው።

ለምን ቀስት? ቀስት ስትስብ የምትሠራው በክንድህ ብቻ አይደለም። ትከሻህና ጀርባህ ይሠራሉ። የሆዱና የወገቡ ጡንቻ የማይታዘዘው ሰው ዊልቸር ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ራሱ ትግል ነው፤ ቀስት እየሳበ ሚዛኑን መጠበቅን ይማራል። ሌላም አለ። ዒላማው ቆመህ ወረወርከው፣ ተቀምጠህ ወረወርከው ግድ የለውም። ዊልቸር ላይ ያለው ሰው ከቆመው ሰው ጋር እኩል መፎካከር ይችላል። ሩጫ ላይ ይህ የለም፤ ቀስትና ሽጉጥ ላይ ግን አለ።

ሽጉጥ ካልን አይቀር፣ ጠያቂዎቻችን ደስ የሚላችሁ አንድ ሰው እናስተዋውቃችሁ። በዚያው የ1940 ዓ.ም የለንደን ኦሊምፒክ፣ የጉትማን ቀስተኞች ከተወዳደሩ በኋላ ባሉት ቀናት፣ ካሮይ ታካች የተባለ ሀንጋሪያዊ በፈጣን ሽጉጥ ወርቅ አገኘ። ፈጣን ሽጉጥ በ25 ሜትር ርቀት የተደረደሩ አምስት ዒላማዎችን መጀመሪያ በ8፣ ቀጥሎ በ6፣ በመጨረሻ በ4 ሴኮንድ የምትመታበት ነው፤ ከኦሊምፒክ የተኩስ ዓይነቶች ስልክ ላይ ለምታዩት ውድድር የሚቀርበው እሱ ነው። ታካች ከ600 ነጥብ 580 አምጥቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። የተኮሰው በግራ እጁ ነው። ቀኝ እጁን ከ10 ዓመት በፊት በወታደራዊ ልምምድ ላይ የፈነዳ የእጅ ቦምብ አበላሽቶበታል። ከዚያ በፊትም በ1936 እ.ኤ.አ. ማዕረጉ መኮንን ስላልሆነ ብቻ፣ የበታች ሹም ነህ ተብሎ ከበርሊን ኦሊምፒክ ቡድን ቀርቷል። ለንደን ላይ 38 ዓመቱ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሄልሲንኪ ላይ ደገመው። እንግዲህ እሱም ወታደር፣ አበበም ወታደር፤ ሁለቱም ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ፤ ሁለቱም አካላቸው ተጎድቶ ዒላማ ፊት እንደ አዲስ የጀመሩ። ልዩነቱ ታካች ተመልሶ የገባው የራሱ ስፖርት ውስጥ ነው። አበበ ግን ምንም ወደማያውቀው ነው የገባው።

ወደ አበበ እንመለስ። ስቶክ ማንደቪል ስምንት ወር ተኛ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሳይቀሩ ሄደው ጠይቀውታል። ቀስ በቀስ አንገቱ ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ እጆቹ ተመለሱለት። እግሮቹ ግን አልተመለሱም፤ ከዚያ በኋላ ቆሞ አልሄደም። በ42 ኪሎ ሜትር ዓለምን ያስጨበጨበ ሰው ማንኪያ ወደ አፉ ለመውሰድ የሚበቃ እጅ ሲመለስለት ምን እንደተሰማው መገመት ለእናንተ እንተወው።

በዚህ እጅ ነው ቀስት ያነሣው። ቀስት የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አውታሩን ትስባለህ፣ እጅህን ሁልጊዜ አገጭህ ሥር አንድ ቦታ ላይ ታሳርፋለህ፤ ያ ቦታ በጣት ስፋት ከተዛነፈ ፍላጻው ከዒላማው ላይ በብዙ ይርቃል። ከዚያ ትንፋሽህን ታረጋጋለህ፣ ጣቶችህን ሳትወረውር ትለቃለህ፤ ፍላጻው እስኪደርስ ክንድህን አታወርድም። ሽጉጥም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ቃታውን ሳትመነጭቅ መሳብ፣ ጥይቱ ከወጣ በኋላም ዓይንህን ከዒላማው አለመንቀል። ልዩነት የምንለው አንድ ነገር አለ። የሽጉጥ ጀማሪ ባዶ መሆኑን ደጋግሞ ባረጋገጠው ሽጉጥ፣ ያለ ጥይት ቃታ እየሳበ ለሳምንታት ይለማመዳል። ቀስትን ያለ ፍላጻ ስቦ መልቀቅ ግን ቀስቱን ይሰብረዋል። ስለዚህ የቀስት ጀማሪ ገና ከመጀመሪያው መሳቱን በዓይኑ እያየ ነው የሚማረው።

አበበም እንደማንኛውም ጀማሪ መሳት ነበረበት። ሰው ሁሉ በስሙ የሚያውቀው፣ ፎቶው በየቤቱ የተሰቀለ ሰው፣ ከሱ በፊት ዓመታት በለመዱ ዊልቸረኞች መካከል ተቀምጦ። ይሄ ከሮምም ከቶኪዮም የሚከብድ ይመስለናል። ሐምሌ 1962 ዓ.ም፣ መኪናዋ ከተገለበጠች በ16 ወሩ፣ በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች ላይ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ለውድድር ቀረበ።

አንድ ግጥምጥሞሽ እናንሣ። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ልክ በስምንተኛው ቀን፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም፣ እዚያው ሮም ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው ውድድር ተከፍቶ ነበር። ከ23 አገር 400 ያህል ሰዎች ዊልቸራቸውን እየገፉ ገቡ። ቀስትም ነበረበት። ያዘጋጀውም ያው ጉትማን ነው። በአሥር ዓመቱ የማራቶኑ ጀግና ከእነሱ እንደ አንዱ ይሆናል ብሎ ያሰበ በዚያች ከተማ ውስጥ አልነበረም።

በሚያዝያ 1963 ዓ.ም ኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች ውድድር በእንግድነት ጠራችው። የተጠራው ለክብር ነው፤ ቁጭ ብሎ እንዲያይ። እሱ ግን ቀስትም ጠረጴዛ ቴኒስም ገባ። አልበቃ አለውና ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ውድድር ላይም ገብቶ 16 ሰዎች በተሰለፉበት በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ አሸነፈ። በረዶ ላይ፣ የሸዋ ልጅ፣ ውሻ በሚጎትተው ጋሪ! እኛ ይህን ስናነብ ሳንስቅ አላለፍነውም።

ይህን ታሪክ አሁን ለመጻፍ የተነሣነው ለሽጉጥ ጥያቄው መልስ ብቻ ብለን አይደለም። ሶዶ ውስጥ ሞተርና ባጃጅ እንደልብ ነው፤ ከኦቶና እስከ አራዳ ስንቱ እንደወደቀ ሰፈሩ ያውቃል። በየቀበሌው አንድ ቀን ወድቆ ከዚያ ወዲህ ቤት የዋለ ወጣት አለ። እናቱ ታጥበዋለች፣ ወንድሙ ያዞረዋል፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። የጦና ንቦቹ የሚጫወቱ ቀን ስታዲየም ይዞት የሚሄድ ሰው ካገኘ ዕድለኛ ነው። እሱ ራሱ የሚወዳደርበት ቦታ ግን አይታሰብለትም። ቀስት በእንጨትና በገመድ ይጀመራል፤ ዒላማው የገለባ ክምር ነው። ከጀርባ ሰው እንዳይገባ የተከለለ ሜዳና ኃላፊነት የሚወስድ አንድ አሰልጣኝ ይበቃዋል። የዞኑ ስፖርት ጽሕፈት ቤትም፣ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ሳይንስ ልጆችም ይህን ቢያነቡት እንወዳለን። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው ነሐሴ 2013 ዓ.ም በትዕግሥት ገዛኸኝ ነው፤ ያውም አበበ ባሸነፈባት ቶኪዮ። ያ በሩጫ ነው። በዒላማ የሚወጣው ገና አልጀመረም።

በ1964 ዓ.ም ነሐሴ መጨረሻ የሙኒክ ኦሊምፒክ ሲካሄድ አበበ በክብር እንግድነት ተገኘ። ዊልቸሩ ላይ ሆኖ ሲገባ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። ማራቶኑን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳልያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ እሱ ሄዶ እጁን ጨበጠው።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም፣ ከአደጋው ጋር በተያያዘ በአንጎል ውስጥ በፈሰሰ ደም ምክንያት አረፈ። 41 ዓመቱ ነበር። ቀብሩ ላይ ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ 65 ሺህ ያህል ሰው ወጣ፤ ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታወጀ። ያረፈው አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ነው። ከስቶክ ማንደቪሉ የቀስት ውድድር እስከ ቀብሩ 3 ዓመት ከ3 ወር ነው የተቆጠረው።