ፕሮፌሰር ያጊና የጣራ ላይ አንቴና

በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ወደ አገራችን ከገባ ዠምሮ በየጣራው ላይ የበቀለውን፣ የዓሣ አጥንት የሚመስለውን አንቴና ያላየ የከተማ ሰው የለም። ሥዕሉ ሲደበዝዝ አንዱ ጣራ ላይ ወጥቶ ያዞረዋል፤ ሌላው ከታች ሆኖ ግራ ቀኝ እያለ ይመራዋል። ይህ ዕቃ በአንድ ጃፓናዊ ሊቅ ስም የያጊ አንቴና ተብሎ እንደሚጠራ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ሂዴትሱጉ ያጊ በኦሳካ ከተማ በ1886 ተወለደ፤ ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በቶኪዮ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምሮ በ1909 ከተመረቀ በኋላ በሰንዳይ ከተማ መምህር ሆነ። በ1913 ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ጀርመን አገር ተልኮ በድሬስደን ከባርክሃውዘን ዘንድ ሲማር ሳለ የመዠመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ያን ጊዜ ለዕረፍት ወደ ስዊስ ሄዶ ስለ ነበር ተመልሶ መግባት አልቻለም። ሌላ ሰው ቢሆን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ በተመለሰ ነበር። እርሱ ግን ወደ ሎንዶን ተሻግሮ ከፍሌሚንግ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ አልፎ በሃርቫርድ ከፒርስ ዘንድ ተማረ፤ ጦርነቱ ያሳጣውን አንድ መምህር በሁለት ተካው ማለት ነው።

በ1916 ወደ ሰንዳይ ተመልሶ በቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩን ቀጠለ። የዘመኑ ሬዲዮ በአብዛኛው በረዣዥም ሞገድ ሲሠራ፣ የያጊ ሐሳብ እጅግ አጭር ሞገድን ሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ መላክ ነበር። ነገሩን በሙከራ ፍሬ እንዲያፈራ ያደረገው ግን ሺንታሮ ኡዳ የተባለው ወጣት ረዳቱ ነው። ኡዳ ዘንጎቹን እያስረዘመና እያሳጠረ፣ እያራቀና እያቀረበ፣ ደጋግሞ ለካ። ከሽቦ ጋር የሚገናኘው ዘንግ አንድ ብቻ ሲሆን ርዝመቱ ከሞገዱ ግማሽ ጋር ይቀራረባል። ከኋላው የሚቆመው ጥቂት ረዘም ያለ ዘንግ ሞገዱን ወደ ፊት ይመልሳል፤ ከፊቱ የሚደረደሩት አጠር ያሉ ዘንጎች ደግሞ ሞገዱን እየመሩ ያደርሱለታል።

ይህን የተረዳ ሰው ጣራ ላይ ሲወጣ በከንቱ አይደክምም። አጫጭሮቹ ዘንጎች ወደ ማሠራጫው ጣቢያ መዞር አለባቸው፤ ፊቱን ያዞረ አንቴና ቢሰቀልም እንዳልተሰቀለ ይቆጠራል። ሥዕሉ ጥላ እየጨመረ እጥፍ ሆኖ ከታየ፣ ሞገዱ ከተራራ ወይም ከፎቅ ተላግቶ ዘግይቶ እየደረሰ ነውና አንቴናውን ጥቂት ማዘንበል ወይም ቦታውን መለወጥ ይረዳል። ሽቦው ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ዝገት ከበላው ግን ማዞሩ አይጠቅምም። ብዙ ሰው ይህን ሳይመለከት ማጉያ ለመግዛት ይቸኩላል፤ ማጉያውም ከደካማው ሞገድ ጋር ጩኸቱን አብሮ ያጎላዋል። በዛሬው የዲጂታል ሥርጭት ደግሞ ሥዕሉ አይደበዝዝም፤ ተቆራርጦ በድንገት ይጠፋል።

የፈጠራው መብት የተመዘገበው በያጊ ስም ብቻ ነበር። በ1926 ሁለቱ አብረው ጽሑፍ አወጡ፤ ኡዳም ሙከራዎቹን በተከታታይ በጃፓንኛ አሳተመ። ያጊ በ1928 በእንግሊዝኛ ባሳተመው ጽሑፍ የረዳቱን ድካም አልሸሸገም፤ ዳሩ ግን ዓለም ያነበበው የያጊን ጽሑፍ ስለሆነ ስሙንም ለእርሱ ሰጠ። በእኔ በኩል ያጊን ሌባ ለማለት አልደፍርም፤ ኡዳ ግን የድካሙን ዋጋ አላገኘም።

የሚገርመው፣ በገዛ አገሩ የጦር ሹማምንት ዘንድ ፈጠራው ችላ ተብሎ መቅረቱ ነው። በ1942 ጃፓኖች ሲንጋፖርን ሲይዙ የአንድ እንግሊዛዊ ወታደር የራዳር ማስታወሻ አገኙ፤ በውስጡም ያጊ የሚል ቃል ተደጋግሞ ቢያዩ ትርጉሙ ጠፋቸው። ምርኮኛው ሲጠየቅ ቃሉ የራሳቸው አገር ፕሮፌሰር ስም መሆኑን ነገራቸው። በ1945 በሂሮሺማ ላይ የወደቀው ቦምብ ከፍታውን በራዳር ይለካ የነበረውም በዚሁ ዓይነት አንቴና ነው።

ያጊ ከጦርነቱ በኋላ በ1946 የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1956ም የጃፓንን የባህል ኒሻን ተሸለመ። የሙያው መጻሕፍት ዛሬ የያጊ ኡዳ አንቴና ብለው ሁለቱንም ይጠራሉ፤ በገበያ ግን ያጊ ብቻ ነው። ያጊ በጥር ወር 1976 ሞተ፤ ኡዳም በዚያው ዓመት በነሐሴ ተከተለው።