የዶክተር መላኩ በያን ጋብቻና ፖለቲካዊ ትርጉሙ

ድምፅ ያለው ፊልም በሆሊውድ በተስፋፋባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የኮሌጅ ፍቅር ተመልካች የሚወደው ርእስ ነበር። ክላራ ቦው በ1929 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የመጀመሪያዋ በሆነው ድምፅ ያለው ፊልም፣ በ«ዘ ዋይልድ ፓርቲ»፣ መምህሯን የምታፈቅር ተማሪ ሆና ተጫውታለች። ስቱዲዮዎቹ ጥቁር ተማሪን የእንዲህ ያለ ፍቅር ባለታሪክ አላደረጉም። በዚያው ዘመን በዋሽንግተን የተፈጸመው የአንድ ኢትዮጵያዊ የትዳር ውሳኔ ግን ከፊልሞቹ ይልቅ ሩቅ የሄደ ውጤት ነበረው።

መላኩ በያን በ1900 በወሎ ተወልደው በሐረር አደጉ። የራስ ተፈሪ ዘመድ ነበሩና ለትምህርት መጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ በ1922 ደግሞ ወደ አሜሪካ ተላኩ። በኦሃዮ የመስኪንገም ኮሌጅን ከፈጸሙ በኋላ ሕክምና ለማጥናት የጥቁር አሜሪካውያን የትምህርት ማዕከል ወደ ሆነው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያ ሳሉ ለኢትዮጵያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ልጅ የነበራቸውን እጮኝነት አፍርሰው በ1931 ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶሮቲ ሃድሊን አገቡ።

የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ይህን ጋብቻ ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። በእኛ አስተያየት ግን የታሪኩ ማጠፊያ እዚህ ላይ ነው። ለመኳንንት ዘመድ ጋብቻ የቤተ መንግሥት ጉዳይ ነበር፤ የሚኒስትር ልጅን ትቶ የባሪያ ዘሮች ከተባሉት ወገን ማግባት ዝምድናን በአዲስ መልክ መተርጎም ነው። የኋላ ሥራቸውም ይህንኑ ትርጉም ተከተለ፤ በ1934 ከታሪክ ምሁሩ ዊሊያም ሊዮ ሃንስበሪ ጋር የኢትዮጵያ ጥናት ምክር ቤትን አቋቋሙ።

በ1935 ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር ተመልሰው በጦርነቱ ጊዜ በኦጋዴን ግንባር በሐኪምነት አገለገሉ። በ1936 የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ። ነሐሴ 25 ቀን 1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ የኢትዮጵያ ድምፅ የተባለውንም ጋዜጣ ባልና ሚስት አብረው ደከሙበት። ፌዴሬሽኑ በ1938 ጃማይካ ደረሰ። ዶክተር መላኩ ግንቦት 4 ቀን 1940 በሳንባ ምች ሲያርፉ ዕድሜያቸው 40 ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ከዓመት ከአንድ ቀን በኋላ ነው።

ከሮቤና ከጎባ ተነሥቶ በዶዶላ በኩል ሻሸመኔ የሚደርስ መንገደኛ የጃማይካውያንን ሰፈር ያውቀዋል። ከነጻነት በኋላ ያ 5 ጋሻ መሬት ለጥቁር ሕዝቦች የተሰጠው በዚሁ ፌዴሬሽን አማካይነት ነበር።