የእንዶዱ ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ

ለሥራ ወደ ካንጋተን የሚወርድ ወጣት ሠራተኛ አስቀድሞ የሚሰማው ምክር ስለ ሙቀቱና ስለ ወባው ነው። ስለ ኦሞ ውሃ የሚያነሣለት ጥቂት ሰው ነው። ነገር ግን ከካንጋተን ወደ ሰሜን፣ በዚያው ሸለቆ በሚገኘው በኦሞ ብሔራዊ ፓርክ ስለ ቢልሃርዝያ የተደረገ ጥናት በ1979 ታትሟል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ከጥናቱ ባለቤቶች አንዱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነበሩ። የዛሬው ጽሑፋችንም ስለ እርሳቸው ነው።

አክሊሉ በ1930ዎቹ አጋማሽ ተወለዱ። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የጥገኛ ተሕዋስያንን ትምህርት ተከታትለው በዶክትሬት ተመረቁ። ወደ አገራቸውም ተመልሰው በ1964 ስለ ቢልሃርዝያ ለመመርመር ወደ ዓድዋ ሄዱ። በዚያም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከማጠቢያው በታች ባለው ውሃ ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው ነበር። እንዶድን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ከሞቱት ቀንድ አውጣዎች ጋር አገናኝቶ ያሰበው ግን ይህ ወጣት ሊቅ ነው።

ቀንድ አውጣው ይህን ያህል የሚያሳስበው ለምንድን ነው? የቢልሃርዝያ ትል ዕጭ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ውሃው ውስጥ የገባውንም ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ከዚያ በኋላ በአንጀት ደም ሥር ይኖራል፣ እንቁላልም ይጥላል። ከእንቁላሉ ከፊሉ በደም ተወስዶ በጉበት ውስጥ ይቀረቀራል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ ጉበትን የሚያጠነክረው ትሉ ራሱ አይደለም። የሰውነት ዘበኞች የሆኑት ነጭ የደም ሴሎች ባዕዱን እንቁላል አይተው ይከቡታል። አንዳንዶቹ የጦር አዛዥ እንደ መሆን ሌሎቹን ይጠራሉ፤ ማክሮፌጅ የሚባሉት ዋጮችም ተሰብስበው ዙሪያውን እንደ ግንብ ያጥሩታል። አጥሩ ባይኖር ከእንቁላሉ የሚወጣው መርዝ የጉበትን ሴሎች በጎዳ ነበር፤ ስለዚህ ዘበኞቹ የሚወቀሱ አይደሉም። ዳሩ ግን እንቁላሉ ለዓመታት ሲመላለስ ጠሪዎቹ ሴሎች ጠባሳ ሠሪዎቹን ይቀሰቅሳሉ፤ በደም ሥሮቹም ዙሪያ ጠባሳ በጠባሳ ላይ ይደራረባል። ደም መተላለፊያው ሲጠብበት ጣፊያ ያብጣል፣ የጉሮሮ ቧንቧ ደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ አንድ ቀንም ይፈነዱና በሽተኛው ደም ያስታውካል።

ትሉን የሚገድል ደኅና መድኃኒት ኋላ መጥቷል። የቆየ ጠባሳን ግን ፈጽሞ የሚያጠፋ አልሆነም። የአክሊሉ ሐሳብ ብልኅነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ዘበኞቹ ሳይቀሰቀሱ፣ ገና በወንዙ ዳር፣ በሽታውን መቅደም ነው። ለዚያውም ከውጭ በብዙ ገንዘብ በሚገዛ ኬሚካል ሳይሆን ገበሬው ከአጥሩ ሥር በሚለቅመው ፍሬ።

በ1966 በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተደረገው ሙከራ ወንዙ በእንዶድ ሲታከም፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል የተያዙት ከመቶ 50 ወደ 7 ወረዱ። እንዲህ ያለ ውጤት ይዞ የቀረበ ሰው ወዲያው ይቀበሉታል ብሎ የሚያስብ ይኖራል። አልሆነም። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የመርዛማነቱ ምርመራ በውጭ አገር ቤተ ሙከራ እንደገና ይታይ አሉ፤ ነገሩም ለብዙ ዓመታት ተጓተተ። አክሊሉ በዚህ እጅግ አዘኑ፤ የአፍሪካ ሊቃውንት ሥራ በአገራቸው ቤተ ሙከራ ስለ ተሠራ ብቻ መናቁን በየአደባባዩ ተናገሩ። የያዙትን ግን አልተዉም። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆነው፣ ብዙ ፍሬ የሚሰጠውን የእንዶድ ዘር እየመረጡ ቀጠሉ። በ1989 ሁለቱ በአንድነት በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 በአሜሪካ አገር አረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ቀንድ አውጣ ገዳይ ንጥረ ነገርም ለማቶክሲን ይባላል።