ዘርዓ ያዕቆብ፥ የእንፍራዙ መምህር

ዘርዓ ያዕቆብ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1599 ዓ.ም. በአክሱም አጠገብ ከአንድ ድኻ ገበሬ ቤት ነው። የቤት ስሙ ወርቄ ይባል ነበረ። የመጀመሪያ መምህሩ የልጁን አስተዋይነት ተመልክቶ ትምህርቱን እንዲገፋ አባቱን ስለ መከረ ወደ ዜማ ቤት ተላከ፤ ነገር ግን ድምፁ ሻካራ ስለ ነበረ የጓደኞቹ መሣቂያ ሆኖ ከሦስት ወር በኋላ ተወው። ከዚያም ቅኔ 4 ዓመት፣ የመጻሕፍትን ትርጓሜ ደግሞ 10 ዓመት ተማረ። በአንዱ ጉባኤ የማይረባ የተባለ ልጅ በሌላው ጉባኤ ሊቅ ሆኖ መገኘቱን መምህራን ልብ ሊሉት ይገባል።

በትርጓሜ ቤት ሳለ የአገሩን ሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የፈረንጆችንም አተረጓጐም መረመረ። ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱም ከልቡ ጋር አልተስማማለትም፤ ቢሆንም ሐሳቡን በሆዱ ይዞ ዝም አለ። ወደ አክሱም ተመልሶም 4 ዓመት አስተማረ። ዘመኑ ግን ክፉ ነበረ። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው፣ ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ወደ ኢትዮጵያ ከገቡ በኋላ፣ የአባቶቹን ሃይማኖት አልለቅም ባለው ሁሉ ላይ ስደት ጸና። ዘርዓ ያዕቆብ በጉባኤው የፈረንጆቹንም የግብጻውያኑንም ቃል አስረድቶ ፍርዱን ለተማሪው ይተወው ነበረ እንጂ ይህኛው ይበልጣል አይልም ነበረ። ስለዚህም ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። በመጨረሻ ወልደ ዮሐንስ የተባለ የአክሱም ካህን፣ ሕዝቡን በፈረንጆች ላይ ያነሣሣል ብሎ ከንጉሡ ዘንድ ከሰሰው። መምህሩም የነበረውን ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ሸሸ፤ በተከዜ ወንዝ አጠገብ ባገኘው ዋሻም ሁለት ዓመት ተቀመጠ።

የምርመራው ሥር የተተከለው በዚህ ዋሻ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው፣ ሰውም ሁሉ የሚኖርበትና የሚሞትለት ሥርዓት በእውነት ዋጋ ያለው ነው ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ። ጥያቄው ከሥራ ፈትነት የመጣ አልነበረም፤ በእግዚአብሔር ስም ሰው ሰውን ሲያሳድድ ዓይኑ አይቷል። ሊቃውንትን ቢጠይቅ እያንዳንዱ የገዛ ሃይማኖቱን ብቻ እውነት እንደሚያደርግ ያውቅ ስለ ነበረ ሌላ ሚዛን ፈለገ፤ ይኸውም ፈጣሪ በሰው ሁሉ ልብ ያኖረው የልቡና ብርሃን ነው። በዚህ ሚዛን ብዙ ነገር ቀለለበት። የምንኵስና ሕግ ፈጣሪ በተፈጥሮ ካቆመው ጋብቻ ጋር አይስማማም አለ፤ የጾምን ሥርዓት የሰው ሕግ አደረገው፤ በወር አበባዋ ሴትን ርኵስት የሚያሰኘውንም ሕግ ነቀፈ። ሰው ሰውን እንደ ከብት እንዲሸጥ የሚፈቅድ ሕግ ሁሉ፣ የማንም ነቢይ ስም ቢጠራበት፣ ከአንድ አባት ለተወለዱ ወንድማማቾች ፈጣሪ የሰጠው ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። ሃይማኖቱን አጥብቆ የያዘ አንባቢ ከዚህ ብዙውን አይቀበልም፤ የመቀበል ግዴታም የለበትም። ነገር ግን ሚዛኑ ባዶ ሆኖ እንዳልቀረ ማየት ይገባል፤ አለመግደል፣ አለመስረቅ፣ አባትና እናትን ማክበር፣ ለራስ የማይወዱትን በሌላ አለማድረግ፣ መሥራትና መጸለይ ክብደታቸውን እንደ ያዙ ቀሩ።

ሱስንዮስ በ1632 ሞተው ልጃቸው ፋሲለደስ ሲነግሡ ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ ደረሰ። በዚያም ሀብቱ የተባለ ባለጠጋ ተቀበለው፤ ዘርዓ ያዕቆብም በጽሕፈት ሥራው እየኖረ የባለጠጋውን ልጆች ያስተምር ጀመረ። ከዚያው ቤት ኂሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች፤ እርሷንም ለማግባት ወደደ። ጌታዋ ስለ እርሷ የተናገረው ዘርዓ ያዕቆብን ደስ አላሰኘውም፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ስለ ሆኑ ከእንግዲህ ሚስቱ እንጂ ገረድ አትባልም ብሎ አጸና። በዋሻ የታሰበው ሐሳብ በኑሮ ሲፈተን የታየው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ሥራ ነው።

በሌላው ነገር ግን እንዲህ አልነበረም። በእንፍራዝ ሰዎች ፊት እንደ እነርሱ ሆኖ ታየ፤ ያመነበትን ቢገልጥ እንደሚጠሉትና ማንንም እንደማይጠቅም ስለ ገመተ ሠወረው። ይህ ለአንባቢ ደስ የሚያሰኝ ነገር አይደለም። በአክሱም ያየውን ስደት ለሚያስብ ግን ፍርሃት ብቻ ነው ብሎ መፍረድ ያስቸግራል። ለብዙ ዓመታት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ ከሀብቱ ልጆች አንዱ፣ ምትኩ የተባለው ወልደ ሕይወት፣ እውነቱን እንዲጽፍለት ለመነው፤ መምህሩም በ68 ዓመቱ ሐተታውን ጻፈ።

ሕይወቱ የታወቀው በዚሁ ሐተታ ብቻ ስለ ሆነ የመጽሐፉን ነገር አለመግለጥ ትክክል አይሆንም። ቅጂውን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ የላከው ኢጣልያዊው ካህን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። ኤኖ ሊትማን በ1904 አሳተመው፤ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ግን በ1920 ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው የሚል ክስ አቀረበ። በአዲስ አበባ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ለኢትዮጵያዊው ደራሲ ብዙ ተከራክረዋል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ ማስረጃውን መመርመርም የመጽሐፉን ትምህርት የሚያዋርድ አይደለም።

ዘርዓ ያዕቆብ ሐተታውን ከጻፈ በኋላ 25 ዓመት ያህል ኖሮ በ93 ዓመቱ እንደ ሞተ የመዘገበው ተማሪው ወልደ ሕይወት ነው። ተማሪው ያንን በመጻፍ ብቻ አላበቃም፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ጋብቻና ስለ ልጆች አስተዳደግ የሚናገር ሌላ ሐተታ በራሱ ስም ደረሰ፤ በዚያም መምህሩ በዝምታ የያዘውን ብዙ ነገር ለተራ አንባቢ በሚገባ ምሳሌ አብራራው።