የጋሪው መምህር፦ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርና የደከመ መሬት

በዚህ የበዓል መጽሔት ታሪካቸውን ባጭሩ የምናቀርብላችሁ ሰው ከአገራችን እጅግ ርቀው የኖሩ ናቸው። ሆኖም ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉት ችግር ዝናብ በሚያጥረው በዴራ አካባቢ ከምናየው ጋር አንድ ነው፤ ይኸውም ያለ እረፍት እየታረሰ ራቁቱን የሚቀር አፈር ነው።

ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር በአሜሪካ ሚዙሪ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1864 ገደማ ከባሪያ እናት ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ሽፍቶች ከእናታቸው ጋር ዘርፈው ወሰዷቸው። ሕፃኑ በአንድ ፈረስ ልዋጭ እንደተመለሱ ይነገራል፤ እናታቸው ግን በዚያው ቀሩ። ያሳደጓቸውም የቀድሞ ጌታቸው ቤተሰቦች ነበሩ። ትምህርት ፍለጋ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ፣ ልብስ እያጠቡና ምግብ እያበሰሉ ተማሩ። አንድ ኮሌጅ ከተቀበላቸው በኋላ ጥቁር መሆናቸውን ሲያይ መልሷቸዋል። በመጨረሻ በአዮዋ የግብርና ኮሌጅ የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ሆኑ፤ በ1894 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1896 ደግሞ የማስተርስ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

በኮሌጁ ሳሉ የአንድ መምህር ልጅ የሆነውን ሕፃኑን ሄንሪ ዋላስን በየሜዳው ይዘው እየዞሩ ስለ ዕፅዋት ያስተምሩት ነበር። ይህ ልጅ አድጎ በ1926 የዲቃላ በቆሎ ዘር ኩባንያ መሠረተ፤ በኋላም የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ኩባንያው ፓዮኒር ይባላል። በአገራችን አርሶ አደሮች ሊሙና ሾኔ ብለው የሚያውቋቸው የበቆሎ ዘሮች የመጡት ከዚሁ ኩባንያ ነው።

ካርቨር በ1896 አላባማ ውስጥ ወደሚገኘው የታስኪጊ ትምህርት ቤት ተጋብዘው ሄዱ። እዚያ የጠበቃቸው መሬት ለብዙ ዘመን ጥጥ ብቻ የተዘራበትና ጎርፍ የቦረቦረው ነበር። አብዛኞቹ ገበሬዎች የሌላ ሰው መሬት በእኩል የሚያርሱና በዕዳ የተያዙ ስለነበሩ ማዳበሪያ የመግዛት አቅም አልነበራቸውም። ስለዚህ ካርቨር ገንዘብ የማይጠይቅ መንገድ ፈለጉ። የጫካ ቅጠልና የረግረግ ጭቃ ሰብስበው ኮምፖስት አዘጋጁ። ጥጡን ከቦሎቄ ዘመዶች፣ ከኦቾሎኒና ከስኳር ድንች ጋር እንዲያፈራርቁ መከሩ። የጥራጥሬ ሰብል ሥሩ ቢነቀል ትናንሽ ጉብጉቦች ይታያሉ። በውስጣቸው የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ከአየር ናይትሮጂን ወስደው ለተክሉ ይሰጣሉ፤ ሥሩና ቅጠሉ ሲበሰብስ ደግሞ ለቀጣዩ ሰብል ይተርፋል። ቅጠሉ መሬቱን ሸፍኖ ሳለም አፈሩን ከዝናብ ምትና ከፀሐይ ይጠብቃል።

ገበሬው ወደ ትምህርት ቤቱ መምጣት እንደማይችል ስለተረዱ በ1906 በበቅሎ የሚጎተት የማስተማሪያ ጋሪ አሠሩ። ጋሪው የእርሻ መሣሪያና ዘር ጭኖ በየመንደሩ እየዞረ በገበሬው ማሳ ላይ ያሳይ ነበር። እኛ የልማት ሠራተኞች ዛሬ የምንሠራው የሠርቶ ማሳያ ሥራ ከዚህ ብዙም አይለይም። ገበሬው ኦቾሎኒ ሲያመርት ገበያ እንዳያጣም በ1916 አዘራሩንና 105 የአሠራር ዓይነቶችን የያዘ ጽሑፍ አሳተሙ።

ስለ አስተራረስ ግን ዘመኑ ያመነበትን ጥልቅ እርሻ ይመክሩ ነበር። በ1930ዎቹ ዓመታት በዚያው አገር ደረቅ ሜዳዎች ድርቅ መጣ፤ ደጋግሞ የታረሰውን ራቁት አፈርም ነፋስ ጠርጎ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ማረሻን የመቀነስ ሐሳብ ጎለበተ። ካርቨር በጥር 1943 ሲያርፉ፣ በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ፎክነር የተባለ ሰው ማረሻን የሚተች መጽሐፍ አሳተመ። በአገራችንም ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በ1990ዎቹ መጨረሻ በበቆሎ ላይ የዕቀባ እርሻን በገበሬ ማሳ አሳይቷል።

ለእኛ ትምህርቱ ምንድን ነው? የበቆሎ አገዳችን ለከብት መኖና ለማገዶ ያልቃል፤ ማሳው እስከ ዝናብ ራቁቱን ይቆያል፤ ከዚያም ሦስት አራት ጊዜ ይታረሳል። በእያንዳንዱ ዙር እርጥበት ይተናል፤ የበሰበሰው ቅጠላ ቅጠልም ቶሎ ያልቃል። ዘርና ማዳበሪያ ብቻ ይህን አይተካም። እርግጥ ከብት ላለው ሰው አገዳ ሁሉ ይቅር ማለት አይቻልም፤ እርሻ ሲቀነስም አረም ይበረታል። ስለዚህ በትንሹ መጀመር ይበጃል። ከማሳው አንድ ጥግ ላይ የአገዳውን ከፊል መተው፣ የእርሻውን ዙር መቀነስና አረሙን በጊዜ መቆጣጠር፤ በሽልሻሎ ጊዜ ደግሞ በበቆሎው መስመር መካከል ቦሎቄ መዝራት ነው። ቦሎቄው ከበቆሎው ጋር እኩል ከተዘራ በዝናብ አጠር ዓመት እርጥበት ይሻማል፤ በቆሎው ሥር ከያዘ በኋላ መሆን አለበት። ቀሪውን ማሳ እንደ ቀድሞው ይዞ ሁለቱን በመኸር ማወዳደር ነው።

ቦሎቄው ሲደርስ ገበያ ማፈላለጉ የዩኒየናችን፣ ሠርቶ ማሳያውን መደገፉ ደግሞ የወረዳ ባለሥልጣኖቻችን ድርሻ ይሆናል። ካርቨር ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለምርምር አውርሰው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። እኛም ለልጆቻችን የምናወርሰው መሬት ከተረከብነው የተሻለ እንዲሆን እንትጋ።

መልካም የምሥረታ በዓል!