ጥቁሩን ብሌን ያበራው ሐኪም፦ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ

ቤተሰቦች፣ የዓይናችን ብሌን ለምን ጥቁር እንደሚመስል አስባችሁ ታውቃላችሁ? ብርሃን ወደ ውስጥ ይገባል፣ የተወሰነውም ይመለሳል። ችግሩ የሚመለሰው በመጣበት መንገድ መሆኑ ነው። እሱን ለማየት ጠጋ ስንል የራሳችን ጭንቅላት ብርሃኑን ይጋርደዋል። በዚህ ምክንያት ሐኪሞች ለዘመናት የሕያው ሰው ዓይን ውስጥ ያለውን ማየት አልቻሉም ነበር።

መላውን ያገኘው ሄልምሆልትዝ ነው። እ.ኤ.አ በ1821 ጀርመን ፖትስዳም ውስጥ ከመምህር ቤተሰብ ተወለደ። ልቡ ፊዚክስ ላይ ነበር፤ ቤተሰቡ ግን ማስተማሪያ ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ መንግሥት በሚከፍለው ትምህርት ቤት ሕክምና ተማረ። በምላሹም የጦር ሠራዊት ሐኪም ሆኖ አገለገለ።

ፊዚክሱን ግን አልተወውም። በ1847፣ ገና ወታደር ቤት እያለ፣ ኢነርጂ መልኩን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም የሚለውን ሐሳብ በሒሳብ አስደግፎ ጻፈ። በ1849 ኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት ለተማሪዎቹ ስለ ዓይንና ብርሃን ትምህርት ሲያዘጋጅ ሐሳቡ መጣለት። ስስ መስታወት ሰያፍ አድርጎ ቢያስቀምጥስ? መስታወቱ የመብራቱን ብርሃን ወደ ዓይን ይመልሳል፤ እሱ ደግሞ በዚያው መስታወት አሻግሮ ያያል። በካርቶን፣ በመነጽር ሌንስና በማይክሮስኮፕ መስታወት ለጥፎ ሠራው። ተሳካለት! የሕያው ሰው ሬቲና ከነደም ሥሩ ታየው። በ1851 ሥራውን አሳተመ፤ በርሊን የነበረው ታዋቂ የዓይን ሐኪም አልብረሽት ፎን ግሬፈም ወዲያው ተጠቀመበት።

ሄልምሆልትዝ በ1894 አረፈ። መንገዱ ግን ቀጠለ። በሬቲና መሐል ማኩላ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች፤ የምናነበውና የሰው ፊት የምንለየው በሷ ነው። ዛሬ ኦሲቲ የተባለው መሣሪያ የማኩላን ንብርብሮች በብርሃን አንድ በአንድ ያሳያል።

ምስል ብቻውን ግን አይበቃም። ማኩላው ላይ ለውጥ ታይቶበት ገና ደህና የሚያነብ ሰው አለ። ስለዚህ ሐኪም ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ዓይኑ ምን ይመስላል? ሰውየውስ ምን ያህል ያያል? ለሁለተኛው ሆላንዳዊው ስኔለን በ1862 ያወጣው የፊደል ሰሌዳና ስዊዘርላንዳዊው አምስለር ያዘጋጀው ባለመስመር ካሬ እስካሁን ያገለግላሉ።

ይሄ እኛንም ይመለከታል። አንዱ ዓይን ሲደክም ጤነኛው ስለሚሸፍንለት ቶሎ አይታወቅም። እናትና አባቶቻችን፣ በተለይ ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ፣ አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው የበሩን መቃን እንዲያዩ እንጠይቃቸው። ከዚያ ሌላኛውን። ቀጥ ያለው መስመር ከተጣመመባቸው ወይም መሐሉ ከደበዘዘ፣ ነገ ዛሬ ሳንል ወደ ዓይን ሐኪም እንውሰዳቸው። ሐኪሙ ውስጡን የሚያይበት መሣሪያ ከተገኘ ከ170 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የቀረው የኛ በጊዜ መሄድ ነው።